በካርታ ወደ ረግረግ

ኦቦ መገርሳ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ከክፉ ሰው ጋር ትጣላለህ፣ የልብህን ትናገራለህ፣ ይወጣልሃል። የእኛ ርዕሰ መምህር ግን ደግ ናቸው። ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ «አካም ቡልቴ፣ ራቢአ» ብለው ደህና ማደሬን ሲጠይቁኝ ድምፃቸው የአባት ነው። ከዚያ ክንዴን ይይዙና ደረጃውን ያወጡኛል። ያንን ደረጃ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ብቻዬን ስወጣው ስወርደው ኖሬያለሁ፤ የሚያደናቅፈኝ እሳቸው ሲይዙኝ ብቻ ነው። ይህን ስንት ጊዜ ነገርኳቸው። «ኤዬ፣ ኤዬ» ይላሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው፤ በነጋታው ክንዴን ይይዛሉ።

ዓይነ ስውር ነኝ። ዓይኔ የጠፋው ልጅ ሆኜ ነው። ሰበታ ተማርኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በጂኦግራፊ ተመረቅሁ፣ ተመልሼ እዚያው ሰበታ አንድ የግል ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። ቤታችን ቡራዩ ነው፤ ከእናቴና ከወንድሜ ከኡዘይር ጋር። በየቀኑ ታክሲ እየቀያየርኩ፣ ጦር ኃይሎች፣ አየር ጤና፣ ዓለም ገና እያልኩ እመላለሳለሁ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ እኔን ትቶ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው «እሷ የት ነው የምትወርደው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው በሕይወቱ አይቶኝ አያውቅም። ግራ ይገባውና «ዓለም ገና መሰለኝ» ይላል። እኔ መሀላቸው ቁጭ ብያለሁ፤ አፍ አለኝ፣ የምወርደውም ሰበታ ነው።

ስለዚህ የካቲት ላይ ኦቦ መገርሳ ቢሯቸው አስጠርተው የወንጪን ጉዞ ስምዖን ይመራዋል ሲሉኝ፣ ያ ሁሉ የታክሲ ንዴት አብሮ መጣብኝ።

ጉዞውን ያሰብኩት እኔ ነበርኩ። ተማሪዎቻችን ካርታ ማንበብ የሚማሩት ከመጽሐፍ ላይ ነው፤ መስፈርት፣ አቅጣጫ፣ ኮንቱር የሚባለውን የከፍታ መስመር እያሉ ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ ከዚያ ይረሱታል። እኔ አንድ እውነተኛ ቦታ ፈለግሁ፤ በውሃ የተከበበ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ፣ ልጆቹ ከካርታው አልፈው ሊጠፉ የማይችሉበት። ደሴት ማለት ነው። ወንጪ ደግሞ ከሰበታ በጅማ መንገድ ወሊሶ ደርሶ መገንጠል ነው፤ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ያልቃል። ሐይቁ ላይ ደሴት አለ፣ ደሴቱ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ልጆቹ ከጀልባ ይወርዳሉ፣ የታተመ ካርታ በእጃቸው ይይዛሉ፣ ያለ ስልክ መንገዱን ራሳቸው እያነበቡ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይደርሳሉ። ሐሳቤ ይኸው ነበር።

ኦቦ መገርሳ ሐሳቡን ወደዱት፤ የቀነሱት እኔን ነው። ሐይቅ ነው፣ ገደል ነው፣ ጀልባ ነው አሉ። ስምዖን ይምራቸው፣ አንቺ ያን ቀን ታርፊበታለሽ አሉ። ማረፍ የሚለውን ቃል ሰው ሁሉ የሚናገረኝ ከአንድ ነገር ሊያስወጣኝ ሲፈልግ ነው።

ስምዖን የባዮሎጂ መምህር ነው። ከሱሉልታ እየተመላለሰ ያስተምራል፣ ጥሩ ባልደረባ ነው፣ ጠብ የለንም። ግን ያለ ስልኩ አንድ እርምጃ አይሄድም። ስልኩ ላይ ያለው ካርታ ደግሞ እሱ በዞረ ቁጥር አብሮት ይዞራል፤ ስለዚህ ስምዖን የትም ቢቆም ሰሜን ከፊቱ ነው።

አልቀበልም አልኩ። ዋናው ነገር የወጣው ያኔ ነው። ወላጆች ጠይቀዋል አሉኝ፤ ካርታ የማታይ ሰው እንዴት ካርታ ታስተምራለች ብለው። የትምህርት ቤቱ ባለቤትም ሰምቷል። ለሚቀጥለው ዓመት ጂኦግራፊውን ለስምዖን፣ ለእኔ ደግሞ ዜግነት ትምህርትን ለመስጠት ታስቧል። እሳቸው እስካሁን እንደተሟገቱልኝ ነገሩኝ፤ አምናቸዋለሁ። ጂኦግራፊ ለእኔ እንጀራ ብቻ አይደለም። ዓይኔ የጠፋ ጊዜ ዓለም እጄ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ሆና ነበር፤ መልሳ የሰፋችልኝ በካርታ ነው። እሱን ሊወስዱብኝ ነው።

«እኔ ልምራቸው» አልኳቸው። «ከጀልባው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ማንም ሳይይዘኝ፣ በካርታ። ካደረስኳቸው ጂኦግራፊው የእኔ ነው። ካላደረስኳቸው ለስምዖን ይስጡት፣ አንዲት ቃል አልናገርም።»

ኦቦ መገርሳ በረጅሙ ተነፈሱ። ወንበራቸው ሲንቋቋ ቆየ። ከዚያ እጄን ጨብጠው ተስማሙ።

ካርታ ማግኘት ቀላል ይመስላል። ዋናውን ወረቀት አዲስ አበባ ሄጄ ገዛሁ፤ የቀረው ለተማሪዎቹ ማባዛት ነበር። ሰበታ አስፋልቱ ዳር ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። መብራት የለም ተባልኩ። መብራቱ ሲመጣ ቀለም አለቀ። በመጨረሻ አባዝቶ ሰጠኝና ደስ ብሎኝ ክፍል ገባሁ፤ ተማሪዎቼን መስፈርቱን፣ ርቀት የሚለካባትን መስመር፣ በማስመሪያ ለኩት ስላቸው መስፈርት የሚባል ነገር የለም አሉኝ። ተመልሼ ሄድኩ። ሰውየው ምንም ሳይመስለው፣ ከታች ያለችው ጥቁር መስመር ቆሻሻ መስላው እንዳጠፋት ነገረኝ። መስመሯን መለሰልኝ፤ አሁን ደግሞ ደሴቱ ወረቀቱ ላይ እንዲያምር ብሎ አሳድጎታል፣ መስመሯ ግን እንደነበረች ናት። በዚያ ካርታ ብንሄድ ቤተ ክርስቲያኑን ሐይቁ ውስጥ ነበር የምናገኘው። እንደገና አሠራሁት። ሚንሃ የምትባል ተማሪዬ አብራኝ መጥታ ዋናውንና ቅጂውን ጎን ለጎን ለክታ «አሁን እኩል ነው፣ ቲቸር» እስክትለኝ ድረስ ከዚያ ቤት አልወጣሁም። ሚንሃ ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ስትናገር ግን አታንጠባጥብም።

የቀረው የእኔው ካርታ ነበር። እኔ የማነበው በጣት የሚዳሰስ ነው፤ እንደዚያ ያለውን አትሞ የሚሸጥ አላገኘሁም። ኡዘይርን ለመንኩት። ወንድሜ አንድ የኮንስትራክሽን ቢሮ ውስጥ ፕላን ይስላል፤ እጁ የተባረከ ነው፣ ቀልቡ ግን ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜው ያለፈበት የካሌንደር ወረቀት አመጣ፤ ወፍራም ስለሆነ ብሬልም የምጽፈው በእሱ ነው። ብርድ ልብስ አጣጥፎ ከሥሩ አነጠፈ፣ የታተመውን ካርታ ከላዩ አደረገ፣ ከዚያ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመር መስመሩን ጫን እያለ ተከተለ። የውሃውን ዳርቻ፣ መንገዱን፣ ገደሉን። ሲጨርስ የካሌንደሩን ወረቀት ሰጠኝ። ጣቴን ሳሳርፍ መስመሩ ሁሉ ጎድጓዳ ነው።

እኔ የምፈልገው ብቅ ያለ መስመር እንጂ ቦይ አይደለም አልኩት። «እና ገልብጪዋ» አለኝ።

ገለበጥኳት። እውነትም በሌላው በኩል መስመሩ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ጥርት ብሎ። ደሴቲቱ መዳፌ ሥር ቁጭ ብላለች። ደስ ብሎኝ አንገቱን አቀፍኩት። ከዚያ በትንንሽ ቁራጭ ወረቀት ላይ ወደብ፣ መገንጠያ፣ ቤተ ክርስቲያን ብዬ በብሬል ጻፍኩ፤ እሱ ጣቴን እየያዘ ቦታ ቦታቸው ላይ አስለጠፈኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ ነበር። በአንድ ዓይኑ ኳሱን፣ በአንድ ዓይኑ ጣቴን ነበር የሚያየው። ልክ ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው «ልክክ ያለ ነው፣ ወላሂ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ያቺን ወረቀት ማጥናት ሆነ። ታክሲ ውስጥ፣ እረፍት ሰዓት፣ ቤት። ክፍል ገብቼም ለተማሪዎቼ ዘረዘርኩላቸው። ከጀልባ ስንወርድ ወደ ቀኝ እንታጠፋለን፤ ውሃው በቀኝ እጃችን ይሆናል፤ ዳርቻውን ተከትለን መገንጠያው ስንደርስ ወደ ግራ ይዘን ቤተ ክርስቲያኑ። በካርታችሁ ተከተሉ አልኳቸው።

ከዚያ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ ወደ መስኮቱ እየተጠጉ ነበር። መብራት ስላልነበረ ብርሃን ፍለጋ ነው ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «ገብቶናል፣ ቲቸር» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስጠይቃቸው የሚሳሳት ጠፋ። ሁሉም ወደ ቀኝ፣ ሁሉም መገንጠያው ጋ ወደ ግራ። ኦቦ መገርሳ አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጠው ተከታተሉ፣ ሌላ ቀን ስምዖን መጣ፤ ሁለቱም በጣም ጥሩ ነው አሉኝ። እኔ ሞኟ ደረቴን ነፋሁ። ወላጆቹ መጥተው ቢያዩልኝ ብዬም ተመኘሁ።

ሚያዝያ ላይ ሄድን። ከአውቶቡሱ ወርደን ቁልቁለቱን ስንጀምር ብርዱ ፊቴን ቆነጠጠው። ዘንጌን ይዤ ብቻዬን እወርዳለሁ፤ የኦቦ መገርሳ እጅ ግን በየአሥር እርምጃው ክርኔ ሥር ይመጣል። ስምምነታችንን ሳስታውሳቸው ይመልሱታል፤ ቆይቶ ደግሞ ይመጣል። ጀልባው ጋ ስንደርስ ቀዛፊው ስምዖንን «እሷ መቀመጥ ትችላለች?» ብሎ ጠየቀው። ስምዖን ትችላለች አለው። እግዜር ይስጠው፣ መሰከረልኝ።

ደሴቱ ላይ ወረድን። ካርታዬን አወጣሁ፣ ጣቴን ወደቡ ላይ አደረግሁ፣ ማንም እንዳይነካኝ ደግሜ ተናገርኩና «ወደ ቀኝ» አልኩ።

አንድም እግር አልተንቀሳቀሰም። ፈርተው መሰለኝ፤ ቀድሜ ሄድኩ። ከዚያ ተከተሉኝ።

መጀመሪያ ሣር ነበር። ቀጥሎ እርጥብ ሣር። ቀጥሎ ጭቃ። ጣቴ ሥር ያለው መንገድ ግን ደረቅና ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ አሁን ይሻላል፣ አሁን ይሻላል እያልኩ ገፋሁ። ቄጠማ ጉልበቴን መታኝ። ጫማዬ ውሃ ሞላ። ከኋላዬ ክፍሉ በሙሉ ጭቃውን እያንቦጫረቀ ይመጣል፤ ከእነሱም ኋላ ሁለት የሚያዩ መምህራን። አንድ ሰው ቃል አይተነፍስም።

ቆምኩ። መንገዱን ማን እንደሚያየው ጠየቅሁ። ካርታችሁ ከወደቡ ወዴት ነው የሚለው ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ልጅ ቀስ ብሎ «እንዳሉት ነው፣ ቲቸር» አለ። ይህን ሲል ወረቀት ሲገለበጥ ሰማሁ፤ የአንድ ሳይሆን የብዙ ሰው ወረቀት፣ ባንዴ። ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ስገለብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ድምፅ አልስተውም።

«ለምንድን ነው የምትገለብጡት?» አልኩ።

የመለሰችልኝ ሚንሃ ናት። «እርስዎ የሚሉት ከጀርባው ስለሆነ ነው፣ ቲቸር። በፊት ለፊቱ መንገዱ ወደ ግራ ነው። የመጀመሪያ ቀን ወረቀቱን መስኮቱ ላይ አድርገን በብርሃን ከጀርባው ስናየው እርስዎ ካሉት ጋር ገጠመ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ነው የምናነበው።»

«እና ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንዳይከፋዎት ብለን ነው።»

ኦቦ መገርሳ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጆቹን አትቆጫቸው፣ እኔ ነኝ ተዉ ያልኳቸው አሉ። ክፍል የተቀመጡ ቀን አይተው ነበር፤ ልጆቹ እንዴት እንደሚወዱኝና እንደሚጠነቀቁልኝ ሲያዩ ልባቸው ተነክቶ ነበር። ስምዖንም አውቆ ነበር። እሱ እንኳ የነገረኝ ይመስለው ነበር አለ፤ መቼም አልነገረኝም።

እዚያ ጭቃ ውስጥ ቆሜ የተሰማኝን ልናገር። ንዴት ነው፤ ንዴት ብቻ። ትክክለኛውን ካርታ በእጁ የያዘ፣ ሁለት ዓይን ያለው ይህ ሁሉ ሰው፣ ተሳስተሻል ከሚለኝ ተከትሎኝ ረግረግ መግባትን መርጧል። ሳምንታት ሙሉ እያጨበጨቡ ወደ ጭቃው ሸኝተውኛል። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ቢስቁብኝ ምን ሆነ ብዬ እጠይቅ ነበር። ካርታዬን እጥፍ፣ ደግሜ እጥፍ አደረግሁና ወደ ሐይቁ ልወረውረው እጄን አነሳሁ።

አውራ ጣቴ ከወረቀቱ ጀርባ ያለውን ቦይ ነካ።

የኡዘይር እስክሪብቶ ያረፈችው በዚያ በኩል ነው። ብሬል የሚጽፍ ሰው ነጥቡን ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፣ ወረቀቱን ሲገለብጠው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ የተገለበጠውን ለማቃናት ሆን ብሎ ገልብጦ ይጽፋል። ወንድሜ ግን ደሴቲቱን አቅንቶ ስሏት እኔ ገልብጬ አነበብኳት። ልጅ ሆኜ የመጀመሪያ ሳምንት የተማርኩትን ነገር።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ጎድጓዳው ወደ ላይ እንዲሆን ያዝኩት፤ ስሞቹ የተለጠፉት ከሥር ስለሆነ አውራ ጣቴን ከሥር፣ ጠቋሚ ጣቴን ከላይ አድርጌ ፈለግሁ። ቦይ ማንበብ አስቸጋሪ ነው፣ ጣት ቶሎ ይስታል። ግን ይቻላል። ተመልሳችሁ ወደ ወደቡ ውጡ አልኳቸው። ኦቦ መገርሳ ይበቃናል፣ ልጆቹ ርሰዋል፣ ስምዖን ይምራን አሉ። ስምምነታችን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው የሚያልቀው አልኳቸው፤ ድምፄን አልወደድኩትም፣ ግን ዞረው መመለስ ጀመሩ።

ከወደቡ ወደ ግራ ታጠፍን። መሬቱ ወዲያው ጠነከረ። ውሃው በግራ እጄ ነበር፣ ከብት የሄደበት የተረገጠ መንገድ፣ ጽድ ይሸታል። ማንም አልያዘኝም። መገንጠያው ጋ ደረስን። ጣቴን ወደ ቀኝ ሳንሸራትት ሁለት መስመር አገኘሁ፤ አንዱ ደከም ያለ፣ አንዱ ጠለቅ ያለና ቀጥ ያለ። ጠለቅ ያለውን መረጥኩ። «ወደ ቀኝ፣ ቀጥ ብለን ሽቅብ» አልኩ።

ጸጥታ። እግሮች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይሰማኛል። አሁን ያንን ጸጥታ አውቀዋለሁ። ዘንጌን አንስቼ ሽቅብ ልጀምር ስል፣

«ቲቸር፣ ተሳስተዋል» አለች ሚንሃ። «እዚያ መንገድ የለም። ካርታው ላይም የለም፣ መሬቱም ላይ የለም።»

ኦቦ መገርሳ ዝም በይ አሏት፤ ቀስ ብለው፣ ግን ቆጣ ብለው። እኔ ቀጥይ አልኳት። እኔ ባልኩት በኩል ኮንቱሮቹ ተጠጋግተዋል፣ ስለዚህ ገደል ነው፤ መንገዱ ኮንቱሮቹ በሚራራቁበት በኩል ዞሮ ነው የሚወጣው አለች። አንዱ ልጅ ደግሞ አይደለም፣ ዞሮ የሚወጣው ከሚቀጥለው መታጠፊያ ነው አላት። ሌላው መስፈርቱን በጣቱ ለክቶ መታጠፊያው ገና ሩቅ ነው አለ። ተጨቃጨቁ፣ ወረቀት ተነጣጠቁ፣ ካርታውን ወደ ሰሜን አዙረህ ያዝ እንጂ ተባባሉ። ማንም ወረቀቱን አልገለበጠም። እኔ መሀላቸው ቆሜ ልቤ ሞላ። ጠለቅ ያለውን መስመር መልሼ ዳሰስኩት፤ ጭቃው ውስጥ ተናድጄ ያጠፍኩበት እጥፋት ነበር።

በደካማው መስመር ሄድን። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር በር በእጄ ነካሁት፤ የእንጨቱን ሸካራነት አሁንም አስታውሰዋለሁ። አንድ ቄስ ወጥተው እግራችን ምን እንደሆነ ጠየቁ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አሸንፌያለሁ ብዬ ነበር።

ስንመለስ ቱሉ ቦሎን እንዳለፍን ኦቦ መገርሳ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ሲያደርጉ ነገሩ ገባኝ።

«ልጆቹ ፊት ለፊት ተሳስተዋል ሲሉሽ ሰማሁ፣ ራቢአ» አሉ። «እንደዚያ ሲደፍሩሽ እያየሁ እንዴት እተውሻለሁ? ለክብርሽ ነው የማስበው። ጂኦግራፊው ለስምዖን ይሁን።»

«ደርሰናል እኮ፣ ኦቦ መገርሳ። ማንም አልያዘኝም።»

«እነሱ ናቸው ያደረሱሽ።»

«ያስተማርኳቸውማ ለዚያ ነው» አልኳቸው።

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ልባቸው አዝኖ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ማዘናቸው ከልብ ነው፣ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ቤት ስገባ ለኡዘይር ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ጥፋቱን በኳሱ አሳበበ፣ ከዚያ ሌላ ካርታ ልሥራልሽ አለኝ። አሁን ምን ያደርግልኛል አልኩት። ሳምንቱን ተኮራርፈን ከረምን።

መስከረም ላይ ልጆቹ አሥረኛ ክፍል ገቡ። ስምዖን ጂኦግራፊ ያስተምራቸዋል፤ እኔ ከጎናቸው ባለው ክፍል ለአዲሶቹ ዘጠነኛዎች ዜግነት አስተምራለሁ። ክፍሎቹን የሚለያቸው ኮምፔርሳቶ ስለሆነ የወዲያው ሁሉ ወዲህ ይሰማል። መጀመሪያ ላይ እንዳልሰማው ድምፄን ከፍ አድርጌ አስተምር ነበር። ጥርሴን ነክሼ ማለት ነው።

አንድ ጠዋት ስምዖን የአዲስ አበባን ዙሪያ ከተሞች እያስተማረ ነበር። ሰበታን አለ፣ ቡራዩን አለ፣ ከዚያ «ሱሉልታ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ትገኛለች» ሲል ሰማሁ። በየቀኑ ከዚያ የሚመጣ ሰው። ንግግሬን አቋረጥኩ። ወዲያ ማዶ የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሁሉም በስተምዕራብ ብለው እየጻፉ ነው።

ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ቲቸር፣ ተሳስተዋል። በስተሰሜን ነው።»

ስምዖን ውጪ አላት። ወንበር ተገፋ፣ በር ተከፈተ፣ በር ተዘጋ። ሚንሃ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትተነፍሳለች፤ በደረጃው በኩል ደግሞ የኦቦ መገርሳ እርምጃ እየመጣ ነው።

የክፍሌን በር ከፈትኩና ግቢ አልኳት። ተማሪዎቼ ከፊት ወንበር ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት፣ እኔም በሩን ከውስጥ ዘጋሁት።